ገና በእንፉቅቅ ናት

ልጄ 13 ወሯ ነው፤ ገና አትሄድም። ጣና ዳር ይዣት ስወጣ የሚያገኘኝ ሁሉ «እስካሁን ወፌ ቆመች አላላችሁም?» ይለኛል። የጎረቤቴ ልጅ በ9 ወሩ ሄዷል። እናቱም «ቶሎ የሄደ ልጅ ጭንቅላቱ ብሩህ ነው» ትላለች፤ እሷ ስትለው ሆዴን ባር ባር ይለዋል። ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያሉ ጤነኛ ሕፃናትን ተከታትሏል። ከሞላ ጎደል ሁሉም ብቻቸውን የሄዱት ከ8 ወር ትንሽ አልፎ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ከ100 ልጆች 4ቱ ያህል ደግሞ ጭራሽ በእጅና በጉልበታቸው አልዳሁም።

ቶሎ መሄድና የጭንቅላት ብሩህነት ግንኙነት የላቸውም ማለት ግን አይደለም። ሰሜን ፊንላንድ ውስጥ በ1966 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ሰዎች ካደጉ በኋላ ሲፈተኑ፣ በሕፃንነታቸው ቀድመው የቆሙት በአንዳንድ የማሰብ ፈተና ሻል ብለው ተገኝተዋል። ይሄ የብዙ ሰው አማካይ ነው፤ የአንዲትን ልጅ ዕጣ አይናገርም። ሚዛን የሚጠብቀው የኋለኛው የአንጎል ክፍልና ከግንባር ጀርባ ያለው የማሰቢያ ክፍል ተያይዘው ስለሚሠሩ፣ እኔንም ብዙ አልገረመኝም።

የገረመኝ ሌላ ነው። ዕድሜያቸው እኩል ከሆኑ ሕፃናት መካከል ገደል የመሰለ ጥልቅ ቦታ ሲያዩ ልባቸው የሚፈጥነው ራሳቸውን ችለው መንቀሳቀስ የለመዱት ናቸው። ፍርሃቱ የመጣው ከዕድሜ ብቻ አይደለም፣ ከመንቀሳቀስም ጭምር ነው። የእኔዋ በር ላይ ያለችውን ደረጃ እየተንፏቀቀች ትደርስባትና ቆም ትላለች፣ በእጇ ወደ ታች ትዳስሳለች፣ ከዚያ ዞር ብላ እግሯን ታስቀድማለች። ማንም አላስተማራትም። መሄድ የጀመሩ ልጆችም በሰዓት 2,368 ያህል እርምጃ ሲራመዱ 17 ጊዜ ይወድቃሉ፤ እያንዳንዷ ውድቀት ትምህርት ናት ብዬ አምናለሁ።

እማዬ «መሬቱ ይበርዳታል» እያለች ቀኑን ሙሉ በአንቀልባ ታዝላታለች። ማዘሉን አልጠላውም፣ እዚያ ሆና ወሬውን ሁሉ ትሰማለች። ግን ወለሉም ያስፈልጋታል። በ9 ወር ያልተቀመጠ፣ በ18 ወር ያልሄደ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚጠቀም ወይም የቻለውን የተወ ልጅ ሐኪም ሊያየው ይገባል። የእኔዋ ከነዚህ አንዱም የለባትም። ከእማዬ ጋር ጠዋት አንቀልባ፣ ከሰዓት ሰሌን ላይ ብለን ተስማምተናል።