ችግኝ ከጅማ አዲስ አበባ በካርቶን፦ እስካሁን የደረስኩበት

ችግኝ ለምትላላኩ ሁሉ፣ እስካሁን የያዝኩትን ላካፍላችሁ።

ብዙ ሰው መንገድ ላይ ችግኝ የሚሞተው በውሃ ጥም ይመስለዋል። እኔ ይበልጥ የምፈራው ውሃውን ነው። በታሸገ ካርቶን ውስጥ እርጥብ ቅጠል አየር ስለማያገኝ ጠቁሮና በስብሶ ይደርሳል። ስለዚህ የማጠጣው ከመላኬ በፊት ባለው ቀን ነው። ሥሩ ሌሊቱን ይጠጣል፣ ጠዋት ቅጠሉ ደርቆ ይጠብቀኛል።

ጽጌረዳን አፈሩን አራግፌ ነው የምልከው። አፈር ይከብዳል፤ መኪናው በተናጠ ቁጥርም ሥሩን ይበጥሰዋል። ሥሩን በነከርኩትና በደንብ በጨመቅኩት ጋዜጣ እጠቀልለዋለሁ። ጋዜጣው ይርጠብ እንጂ ጠብ አይበል። ከላዩ ፌስታል አደርግና ግንዱ ሥር በክር አስራለሁ። ቅጠሉን ግን ፌስታል አይነካውም። ሰሞኑን ፌስታሉን በኮባ ተክቼዋለሁ። እሳት አሳይቼው ሲለሰልስ አበርደውና እጠቀልልበታለሁ። ለዳቦ የበቃ ለሥር ምን ያንሰዋል?

እሬትና ሌሎች ሰኩለንቶች (ወፍራም ቅጠላቸው ውስጥ ውሃ የሚያጠራቅሙ ተክሎች) ሌላ ነገር ናቸው። የተቆረጠው ቦታ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ይቆዩና በደረቅ ጋዜጣ ይሄዳሉ። ጠብታ ውሃ አያስፈልጋቸውም።

ካርቶኑን ዘግታችሁ ነቅንቁት። ውስጡ ከተንቀሳቀሰ የተጨማደደ ጋዜጣ ጨምሩበት። ጎንና ጎኑንም ብሱት። አደራ፣ «እግረ መንገዱን አቮካዶም ይሂድላት» እንዳትሉ! የበሰለ አቮካዶ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ እሱ ቅጠል ያረግፋል።

መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሚያስቸግረው ርቀቱ ሳይሆን ግቤ በረሃ ነው። ፖርቶመጋላ ላይ የተጫነ ካርቶን እዚያ ሲደርስ ይቀቀላል። ረዳቱን «ወንድሜ፣ አበባ ነው፣ ከላይ እንዳትጭንብኝ» ብዬ ወንበር ሥር አስቀምጠዋለሁ። በፖስታ ከሆነ ሰኞ ነው የምልከው፤ ቅዳሜና እሑድን መጋዘን ውስጥ እንዳያድር።

ለተቀባይ አስቀድማችሁ ደውሉ። ችግኙ እንደደረሰ ወደ ጥላ እንጂ ወደ ፀሐይ አይውጣ። ቅጠሉ ቢረግፍም ቶሎ አይጣል። ግንዱን በጥፍር ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ገና በሕይወት አለ።

ቀጥሎ ልሞክር ያሰብኩት ፈርን የሚባለውን የጥላ ተክል ነው። ቅጠሉ ስስ ስለሆነ ይህ ደረቅ አላላኬ የሚሠራለት አልመሰለኝም። የላከ ካለ እንዴት እንዳሸገው ይንገረኝ።