አቦል ላይ ጽፌ በረካ ላይ

አለቃዬ አብሮ አደጌ ነው። ሆጤ ኳስ ስንራገጥ ነው ያደግነው። አሁን ፍራንክፈርት ውስጥ ሂሳብ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት አለው። ባለፈው ዓመት «ደሴ ቅርንጫፍ እንክፈት» አለና ፒያሳ አካባቢ ሦስት ክፍል ተከራየን፤ ስምንት ልጆችም ቀጠርን። ኢንተርኔት የማስገባቱ ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ።

ፕሮግራሙ ያለው ፍራንክፈርት ሰርቨር ላይ ነው። ልጆቹ እዚህ የሚያዩት የሰርቨሩን ስክሪን ብቻ ነው። አንድ ፊደል ሲጫኑ ፊደሉ ጀርመን ደርሶ ይመለሳል። መጀመሪያ ያስገባነው መስመር 50 ሜጋ ነበር። ቪዲዮ ሲከፍቱበት ውሃ ነው። ጠዋት ጠዋት ሥራውም ደህና ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ግን መንቀራፈፍ ይጀምራል። አንድ ቀን ከልጆቹ አንዷ ኪቦርዱን ገፋ አድርጋ «ጋሼ፣ አቦል ላይ የጻፍኩት በረካ ላይ ነው የሚመጣው» አለችኝ።

አለቃዬ ስደውልለት «ታዲያ 100 ሜጋ አታስገባም? ብሩን እልካለሁ» አለ። ብሩ አይደለም ወንድሜ። የሐረጎን መንገድ ብታሰፋው ብዙ መኪና ያሳልፋል እንጂ ኮምቦልቻን ወደ ደሴ አያቀርባትም።

ርቀቱ ራሱ ዋጋ አለው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከደሴ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ደርሶ መልስ ሲሰላ ማንም ቴክኒሻን የማይቀንሰው 50 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ ሺህኛ) ይወጣል። ኬብሉ ደግሞ በቀጥታ አይሄድም። የጭነት መኪናው ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ፣ ሚሌን አልፎ ጅቡቲ ይገባል። የእኛ ዳታ ግን መጀመሪያ አዲስ አበባ ይወርዳል። ዳታው የሚያልፍበትን መንገድ የሚያሳየውን ትሬስራውት ስሠራ ይህንን አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

አንድ ደላላ የሳተላይት ኢንተርኔት ዲሽ ሊሸጥልኝ ሞክሮ ነበር። ሳተላይቱ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ምልክቱ ሲሄድ ወጥቶ ይወርዳል፤ ሲመለስም ወጥቶ ይወርዳል። መንገዱ ብቻ ግማሽ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። አመስግኜ ሸኘሁት።

ከዚያ ደብተር ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየሰዓቱ ፒንግ እያደረግሁ፣ ማለትም ምልክት ወደ ሰርቨሩ ልኬ በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚመለስ እየለካሁ ጻፍኩ። ጠዋት 140፣ 142፣ 141። ከሰዓት 150፣ 420፣ 165፣ ከዚያ ጭራሽ የለም። አማካዩን ብቻ ለሚያይ ምንም ችግር የለውም። ግን እጅ ወጥ የሆነ መዘግየት ይለምዳል፤ የሚዘልና የሚወርድ ከሆነ አይለምድም።

የሚያሳፍረው፣ ጥፋቱ ግማሹ የእኛው ነበር። ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዱ ልጅ የቀኑን ደረሰኝ ሁሉ ስካን አድርጎ በአንዴ ይልካል። ያ ፋይል መስመሩን ይሞላና የሌሎቹ ፊደል ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቃል። ራውተሩ ላይ ለመላኪያው ገደብ አበጀሁለት። በማግስቱ 420 ከደብተሬ ጠፋ።

የቀረው የጋራ መስመር ጣጣ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ከሥራ ሲመለስ እኛ እንታነቃለን። ስለዚህ 100 ሜጋውን ትቼ፣ ለብቻችን የሚሰጥ 20 ሜጋ አስገባሁ። ዋጋው ከበፊቱ ይበልጣል። አለቃዬ «ያነሰ ነገር በበለጠ ብር?» ብሎ ሊገድለኝ ነበር።

ሁለተኛ መስመር ላይ ደግሞ ተሞኘሁ። መጠባበቂያ ብዬ ያስገባሁት ፋይበር በዚያው ቦይ ነበር የገባው። ክረምት ላይ ከሕንጻው ፊት ለፊት ስካቫተር ሲቆፍር ሁለቱንም በአንድ ጥርስ በጠሳቸው። ሁለት ቀን ቁጭ አልን። የሕንጻው ባለቤት ሐጂ፣ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው «አብሽር ልጄ» አሉኝ። ምን ብዬ ልበሽር! ጥገናውን ስጠይቅ «ተመዝግቧል» ብቻ ነበር መልሱ። ከዚያ ወዲህ ውል ከመፈረሜ በፊት ከሜጋው ይልቅ መስመሩ ሲቆረጥ በስንት ሰዓት እንደሚጠገን ነው የምጠይቀው። ሰዓቱንም በወረቀት ላይ አስጽፋለሁ።

አሁን መጠባበቂያችን በሰገነቱ ላይ የተሰቀለ የ4ጂ ራውተር ነው፣ ያውም የሌላ ኩባንያ። ከፋይበሩ ትንሽ ይዘገያል፤ ግን ስካቫተር አይደርስበትም። በእርግጥ ሁለቱም መጨረሻ ላይ ቀይ ባሕር ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ እዚያ ኬብሎች ሲጎዱ ስንት አገር እንደተንገላታ ሰምተናል። እሱን ከደሴ ሆኜ አልጠግነውም። መብራት ሲጠፋ ግን ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን እንዳይጠፉ ሁለት ባትሪ ገዝቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት ያቺን ልጅ «አሁንስ?» አልኳት።

«አሁን ቶና ላይ ይደርሳል» አለችኝ።