የካሜራ ማንገቻዬን እንዴት እንዳሰርኩት

ማንገቻ ሲገዛ ሰው የሚያየው ስፋቱን፣ ስፖንጁንና የቆዳውን ጥራት ነው። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ክፍል ግን የሚበጠሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ካሜራ የሚወድቀው ማንገቻው ከካሜራው ጋር ከሚገናኝባት ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ላይ ነው፤ ከዘለበቱ፣ ከቀለበቱ፣ ከመንጠቆው ወይም ከቪቱ (ከብሎኑ)። የራሴን ሳዘጋጅ የጀመርኩት ከዚያች ቦታ ነው። ለእያንዳንዱ ማያያዣ ያቀረብኩት ጥያቄም አንድ ነበር፦ ሊለቅ ሲል አስቀድሞ ያሳየኛል ወይስ ድንገት ይለቃል? ድንገት የሚለቀውን፣ የፈለገውን ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ ብቻውን አላምነውም።

መጀመሪያ ክብደቱን አሰላሁ። የማነግታቸው ሁለት የካኖን 5ዲ ማርክ 4 ካሜራዎች ናቸው። አንዱ ከነባትሪውና ከነካርዱ 890 ግራም ነው። 24-70 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ትውልድ ሌንስ 805 ግራም ስለሚመዝን አንድ ላይ 1.7 ኪሎ ይሆናሉ። በሌላኛው ላይ የሚገባው 70-200 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ትውልድ የእግሩ ቀለበት (ሌንሱ ከባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ጋር የሚያያዝበት) ሳይቆጠር 1490 ግራም ነው፤ ድምሩ ወደ 2.4 ኪሎ ይጠጋል። ይህ ካሜራው ዝም ብሎ ሲንጠለጠል ነው። ከእጅ አምልጦ 30 ሳንቲሜትር ከወረደ በኋላ ማንገቻው በ3 ሳንቲሜትር ውስጥ ቢያስቆመው፣ መጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጉልበት በአማካይ የክብደቱ 11 እጥፍ ነው። 2.4 ኪሎው ለአፍታ 26 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ማያያዣ ስመርጥ ካሜራውን መሸከሙን ሳይሆን ይህችን አፍታ መቻሉን ነው የማየው።

ለ24-70ው ካሜራ የመረጥኩት ከካሜራው ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ተራውን አስተሳሰር ነው። በካሜራው ሁለት ጆሮዎች (ግራና ቀኝ ባሉት የማንገቻ ማስገቢያዎች) የሚያልፍ 1 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው የናይለን ጥብጣብ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳ የፕላስቲክ ዘለበት፣ ጥብጣቡን ሰብስቦ የሚይዝ ትንሽ ማቀፊያ፤ በቃ። በነፃ ስለሚመጣ ይናቃል። ጥብጣብ ግን በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር እየሾለከ ነው የሚወጣው። ሲያረጅም መጀመሪያ ጠርዙ ይፀጉራል። ለሚያየው ሰው ጊዜ ይሰጣል።

ችግሩ ያለው አገባቡ ላይ ነው። ዘለበቱ መሃሉ ላይ ድልድይ አለው፤ ከድልድዩ ወዲህና ወዲያ አንዳንድ ቀዳዳ። ዋናው ጥብጣብ በአንዱ ቀዳዳ ወጥቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ በሌላው ገብቷል። እኔ መጀመሪያ ማቀፊያውን ጥብጣቡ ላይ አስገባለሁ። ጫፉን ከውጭ ወደ ውስጥ በጆሮው አሳልፌ ወደ ላይ እመልሰውና እንደገና በማቀፊያው ውስጥ አሳልፈዋለሁ። ቀጥሎ ዋናውን ጥብጣብ ወደ ዘለበቱ ገፋ ሳደርገው ድልድዩ ላይ ጉብ ይላል። ጫፉን በጉብታውና በድልድዩ መሃል አሾልከዋለሁ፦ ለካሜራው በሚቀርበው ቀዳዳ ከሥር ወጥቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ በሩቁ ቀዳዳ ተመልሶ ይገባል። ጫፉን በደንብ ከሳብኩ በኋላ ዋናውን ጥብጣብ ስስበው ጉብታው ይጠፋል። አሁን ክብደት በመጣ ቁጥር ዋናው ጥብጣብ ጫፉን ድልድዩ ላይ ይጫነዋል፤ ካሜራው በከበደ መጠን ጭምቂያውም ይጠነክራል። ጫፉም ከውስጥ በኩል ስለሚቀር ልብስ ላይ አይንጠለጠልም፣ ምስል ውስጥም አይገባም።

ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ጫፉ በአንድ ቀዳዳ ብቻ አልፎ መተዉ ነው። እንዲህ የታሰረ ጥብጣብ በእጅ ሲጎተት የያዘ ይመስላል። በእግር ጉዞ ላይ ግን እየተወዛወዘ ቀስ በቀስ ይፈታል። ሁለተኛው ስህተት አጭር ጫፍ ነው። ከዘለበቱ የሚተርፈው ከ5 ሳንቲሜትር ማነስ የለበትም፤ እኔ 7 እተዋለሁ። ከዚያ ላይ ሁለት ነገር እጨምራለሁ። ጫፉን 1.5 ሳንቲሜትር ያህል ሁለት ጊዜ አጥፌ በናይለን ክር አሥር ጊዜ እወጋዋለሁ፤ ሦስት ድርብ የሆነ ጫፍ በዘለበቱ ቀዳዳ ተመልሶ አይወጣም። ደግሞም ጥብጣቡ ከዘለበቱ በሚወጣበት ቦታ ላይ በነጭ ማርከር መስመር አሰምራለሁ። መስመሩ ከቦታው ከተነሳ ጥብጣቡ ሾልኳል ማለት ነው፤ ለማየት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። የተቆረጠ ጫፍ በላይተር ሲተኮስ ደግሞ ሳይቀዘቅዝ በማንኪያ ጀርባ ጠፍጠፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ድቡልቡል ሆኖ ከደረቀ በዘለበቱ አያልፍም፣ ሹል ሆኖ ከቀረ ደግሞ ጎረቤቱን ጥብጣብ ይበላዋል።

የሶኒና የፉጂ ካሜራዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ጆሮው ትንሽ ስለሆነ ባለ ሦስት ማዕዘን የብረት ቀለበት ይገባበታል። ቀለበቱ እንደ ቁልፍ መያዣ ድርብ ነው። የድርቡ ሁለት ጫፎች በጆሮው ቀዳዳ ፈጽመው እስኪያልፉ ድረስ ማዞር፣ ክፍተቱ ጥብጣቡ የሚያርፍበት ጎን ላይ እንዳይሆን ማድረግ፣ የላስቲክ ወይም የቆዳ መከለያውን አለመጣል። ከቁልፍ ሠሪ የሚገዛ የቁልፍ ቀለበት በዚህ ቦታ አይተካም፤ አንዳንዱ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ በጣት ጥፍር እንኳ ይከፈታል።

ቶሎ የሚፈቱ የክር ማያያዣዎችም አሉ፤ በጣም የታወቁት ፒክ ዲዛይን የሚባለው አምራች የሚሠራቸው፣ እንደ ልብስ ቁልፍ ክብ የሆኑት ናቸው። አምራቹ አንዱ 90 ኪሎ ይይዛል ይላል፤ ከላይ ካሰላነው 26 ኪሎ በብዙ ይበልጣል። እኔን የሳበኝ ግን ጥቁሩ የክር ሽፋን ሲላጥ ከሥሩ ሌላ ቀለም መታየቱ ነው፤ ቀለሙ ሲታይ ክሩ ይጣላል። አስመስለው የተሠሩት ላይ በዚህ ምልክት መተማመን አይቻልም። ቀጭን ክር የሚፈራው ክብደትን ሳይሆን ስለትን ነው። ስለዚህ ክር ከማስገባቴ በፊት በጆሮው ቀዳዳ ጥጥ አሳልፋለሁ። ጥጡ ሲጎተት ጭረቱ ብረቱ ላይ ከቀረ የቀዳዳው ጠርዝ ስል ነው፤ እዚያ ላይ ክር በቀጥታ አላስርም፣ መሃላቸው የብረት ቀለበት አስገባለሁ።

አሁን ወደ ቪቱ። 70-200 ሌንስ ያለው ካሜራ በአንገት ሲንጠለጠል አፍንጫው ወደ መሬት ይደፋል፣ ክብደቱም የሌንስ መግጠሚያውን ይጫናል። ስለዚህ በጎን የሚነገት ማንገቻ ይመረጣል፤ እሱ ደግሞ የሚታሰረው ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) በሚገባበት ቀዳዳ ነው። ሌንሱ የራሱ እግር ካለው ቪቱ የሚገባው እግሩ ላይ እንጂ ካሜራው ሥር መሆን የለበትም፤ የክብደቱ ማዕከል የሚቀርበው ወደዚያ ነው።

ይህ ቪት ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ አለው። አንድ ሙሉ ዙር 1.27 ሚሊ ሜትር ያስኬደዋል። ውስጥ የገባው 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ካሜራውን ከመሬት የሚለዩት አራት ዙር እንኳ አይሞሉም። በጎን የተነገተ ካሜራ በእያንዳንዱ እርምጃ ጥቂት ይዞራል፤ ቪቱን የሚይዘው ደግሞ የጎማ ሮንዴላው ሰበቃ ብቻ ነው። ጎማው አቧራ ሲይዝ፣ ቅባት ሲነካው ወይም ተጨምቆ ሲደርቅ ሰበቃው ይቀንሳል። ቪቱ ሁለት ዙር ሲላላም ከውጭ ሲያዩት ያው ነው። ድንገት የሚለቅ ያልኩት ይህን ነው።

ማጥበቅ መድኃኒት የሚመስለው ሰው ፒንሳ ያነሳል። ፒንሳ የካሜራውን ጥርስ ነቅሎ ሊያወጣ ይችላል። በጣት እስኪቆም አጥብቆ፣ በሳንቲም ሩብ ዙር መጨመር ይበቃል። የቪቱ ርዝመትም ይለካ፤ የሶኒ መመሪያዎች ከ5.5 ሚሊ ሜትር ያነሰ እንዲሆን ያዛሉ፣ የረዘመው የቀዳዳውን ወለል ይገፋል። የቪት ማጣበቂያ ፈሳሽም ካሜራ ላይ አላደርግም፤ አንዳንዱን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል።

ስለዚህ ለዚህኛው ካሜራ ቪቱን ተጠቅሜ ሌላ ጠባቂ ጨመርኩለት። ከካሜራው ግራ ጆሮ ተነስቶ በቀጥታ ከማንገቻው ጋር የሚያያዝ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፓራሹት ገመድ ነው። ገመዱ ከቪቱ ጋርም፣ ከቪቱ ጋር ከሚያያዘው መንጠቆ ጋርም ምንም ግንኙነት የለውም። ጠባቂው የሚጠብቀውን ነገር ከተደገፈ አብሮ ይወድቃል። 550 የሚባለው ገመድ አዲስ ሳለ 250 ኪሎ ገደማ ይይዛል፤ ቋጠሮ ጥንካሬውን በግማሽ ቢቀንሰው እንኳ ብዙ ይተርፋል። ስትገዙ ጫፉን ከፍታችሁ ውስጡን ቁጠሩ፤ እውነተኛው በሽፋኑ ውስጥ ቢያንስ ሰባት የተገመዱ ክሮች አሉት፣ የማስመሰያው ሆድ ግን ባዶ ወይም ብጥስጣሽ ክር ነው። ሁለቱን ጫፎች ያገናኘሁት አንዱ ሌላኛውን ሁለት ሁለት ጊዜ በሚጠመጥምበት የዓሣ አጥማጆች ቋጠሮ ነው፤ ከቋጠሮው የሚተርፈው ጫፍ 4 ሳንቲሜትር። ርዝመቱ ካሜራውን ዓይን ላይ ለማድረስ ከሚበቃው አይበልጥም። የረዘመ ገመድ ካሜራው ብዙ ወርዶ እንዲነጠቅ ያደርጋል፣ ያ 11 እጥፍ ያልነው ቁጥርም ይጨምራል።

መንጠቆ ላይ ባጭሩ፦ በሞላ (ስፕሪንግ) ብቻ የሚዘጋ መንጠቆ አልጠቀምም። ቀለበቱ ሲገለበጥ በሩን ከውጭ ተጭኖ ራሱን ይከፍታል። በሩ በቪት የሚቆለፍ፣ ካራቢነር የሚባል መንጠቆ ያስፈልጋል፤ የቁልፉ መዝጊያ አቅጣጫ ወደ ታች እንዲሆን አድርጌ አነግተዋለሁ፣ ያኔ እርምጃው ሲነቀንቀው ወደ መዝጋት ይሄዳል። ከሁለት ጎን ተጨምቆ የሚከፈት የፕላስቲክ መቆለፊያ ደግሞ ጥር 11 ቀን ጃን ሜዳ ላይ በሚኖር ግፊያ ውስጥ የሰው ክርን ሊከፍተው ይችላል። ለስቱዲዮ ይሁን፣ ለሕዝብ መሃል አይሆንም።

ቆዳ ለሚወድ ሰው ጎበዝ ጫማ ሰፊ ጥሩ ማያያዣ ይሠራል፦ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቆዳ፣ እጥፋቱ ቢያንስ 3 ሳንቲሜትር፣ ሁለት መስመር ስፌት። ስፌቱ በ3 ወይም በ4 ሚሊ ሜትር ርቀት ይሁን። ጥቅጥቅ ያለ ስፌት ጠንካራ ይመስላል፤ ቆዳውን ግን እንደ ቴምብር ጠርዝ በስቶት መቀደጃ መስመር ይሆናል።

ሁሉንም ካሰርኩ በኋላ ካሜራውን ሳላስገባ ሞከርኩት። ማንገቻውን በር እጀታ ላይ ሰቅዬ፣ በማያያዣዎቹ በኩል ውሃ የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አንጠለጠልኩ፤ 5 ኪሎ ነው፣ የከባዱን ካሜራ እጥፍ ያህል። አንድ ሰዓት ተውኩት፣ ከዚያ ሃያ ጊዜ በእጄ አነጠርኩትና የማርከሩን መስመር አየሁ። የካሜራው ጆሮ ግን በጀሪካን አይፈተንም፤ በጣት ይነቀነቃል። ጥቂት እንኳ ከተላወሰ ውስጥ ያሉት ቪቶቹ ላልተዋልና ወደ ጠጋኝ ነው የሚሄደው። የመጨረሻው ሙከራ ካሜራውን አስገብቶ፣ ከፍራሽ 20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ፣ በትንሹ መልቀቅ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመጀመሬ በፊት መስመሮቹን አያለሁ፣ ቪቱን በጣቴ እሞክራለሁ፣ ቋጠሮውን እጎትታለሁ፤ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። በየስድስት ወሩ ጥብጣቡን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና አጥባለሁ፣ ጥላ ላይ አደርቀዋለሁ። በረኪና ናይለን ይበላል፤ ፀሐይም እንዲሁ፣ በተለይ መኪና መስታወት ሥር የተተወውን። ጠርዙ ከፀጎረ ወይም ሲታጠፍ እንደ ካርቶን ከደረቀ ይጣላል። ስጥለው ደግሞ መሃሉን በመቀስ ለሁለት እቆርጠዋለሁ፤ አለዚያ ቸኩሎ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ከመሳቢያ አንስቶ መልሶ ያስረዋል።