«እግር የለህም እንዴ?»

የልጅ ጋሪ በሚከራይበት መስኮት ላይ የሚሠራ ሰው በየቀኑ የሚሰማው ጥያቄ አለ። «ለትልቅ ልጅ ይሆናል?» ወላጆች ይህን ሲጠይቁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጥያቄውን ሳይጨርሱ ማስረዳት የሚጀምሩም አሉ። «ሌላ ቀን በእግሩ ነው የሚሄደው... ትምህርት ቤትም በእግሩ ነው... ዛሬ ብቻ ነው።» ማንም ምንም ሳይላቸው ይከላከላሉ። ለምን እንደሚከላከሉ የገባኝ እዚሁ መስኮት ላይ ነው።

የምሠራው ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ነው። ስሙን ልተወው። ጠዋት ጋሪ እናወጣለን፣ ማታ እንቀበላለን፣ እንጠርጋለን። ከመቀመጫ ሥር ካልሲ፣ የተፈረፈረ ብስኩት፣ አንዳንዴ የሰው ቁልፍ እናወጣለን። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ነባር ሠራተኛ አለ። ሥራውን አሳምሮ ያውቃል። ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ጋሪ በድምፁ ይለያል። ፍሬኑ የላላውን ለሰው ሳይሰጥ ይይዘዋል። እኔም ሥራውን የተማርኩት ከእሱ ነው። ችግሩ አፉ ነው።

በሩ ተከፍቶ ሰው በሚጎርፍበት ሰዓት አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ቀጠን ያለ ነው። እሷ አንድ ቦርሳ በጀርባዋ፣ ሌላ በትከሻዋ አንጠልጥላለች። «አንድ ሰው የሚይዝ ጋሪ» አለች። ባልደረባዬ በመስኮቱ አጎንብሶ ልጁን ከላይ እስከ ታች አየውና ሳቀ።

«ለማን? ለዚህ ጎረምሳ?» አላት። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ፣ «አንተ፣ እግር የለህም እንዴ?»

ከኋላ ከተሰለፉት አንድ ሁለቱ ሳቁ። ልጁ ግን ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ነው የወሰደው። አጎንብሶ እግሩን አየ። ጫማውን ትንሽ አነቃነቀ። ከዚያ ዙሪያውን የሳቁትን ሰዎች አየና ጆሮው ቀላ። የእናቱን ቀሚስ ጎተተ። «እማ፣ እኔ አልፈልግም። ለእኔ አይደለም በዪው» አላት።

እናትየው የዘረጋችውን ገንዘብ መልሳ ያዘች። «ይቅር፣ በእግራችን እንሄዳለን» አለች። እኔ ከጎን ሆኜ፣ «እህቴ፣ ቆዪ፣ ከ23 ኪሎ ካልበለጠ ይችላል፣ ምንም ችግር የለውም» አልኳት። አልመለሰችልኝም። የልጁን እጅ ይዛ ሕዝቡ ውስጥ ገባች።

ሰልፉ እስኪቀል ዝም አልኩ። ሲቀል ግን አልቻልኩም።

«ልጁን ለምን እንደዚያ አልከው?»

«ምን አልኩት? ቀለድኩ እንጂ።»

«አፍሮ ሄደ እኮ።»

«ይፈር! በዚህ ዕድሜ ጋሪ ምን ይሠራለታል? ማሞላቀቅ ነው። እኛ በእሱ ዕድሜ ስንት መንገድ ነው የሄድነው?»

«ለምን እንደፈለገችው ጠይቀሃታል?»

«ምን ይጠየቃል? ሲመጣ እየሮጠ ነው የመጣው። በዓይኔ አይቻለሁ።»

ይህቺ «እየሮጠ ነው የመጣው» የምትለዋ ነገር ናት ያናደደችኝ። ከእሱ ብቻ አይደለም የሰማኋት። ከሠራተኛውም፣ ከተሰላፊውም፣ ልጅ ወልደው ካሳደጉ ሰዎችም እሰማታለሁ። ጠዋት በር ላይ የማይሮጥ ልጅ የለም። ሌሊቱን በጉጉት ሳይተኛ ያደረ ልጅ ነው። ያ ሩጫ ስለ ከሰዓት በኋላው ምንም አይናገርም።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ትልልቆቹ ፓርኮች ውስጥ አንድ ቤተሰብ በቀን ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ቢሄድ አይገርምም። ፍሎሪዳ ባለው በዋልት ዲዝኒ ወርልድ ኤፕኮት የሚባለውን ፓርክ ውሰዱ። 11 አገሮችን የሚያሳዩ ግቢዎች የተደረደሩበት የሐይቅ ዳር መንገድ አለው። እሱን ብቻ አንዴ መዞር ወደ 1.9 ኪሎ ሜትር ነው። ያ የአንዱ ፓርክ ግማሽ ነው፤ እዚያ ደግሞ ፓርኮቹ አራት ናቸው። ልጅ እግሩ አጭር ስለሆነ አባቱ አንድ ጊዜ ሲራመድ እሱ ብዙ ጊዜ ይራመዳል። በዚያ ላይ ሰልፍ አለ። ቆሞ መጠበቅ ከመሄድ ይብሳል፣ ልጅ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ አይሆንለትም። አስፋልቱ የሚተፋው ሙቀት የሚያገኘውም መጀመሪያ ወደ መሬት የቀረበውን ነው። ማታ ደግሞ ርችት አለ። ቤተሰቡ ከፍሎ የመጣው ለእሱ ጭምር ነው። ልጁ ግን ከዚያ በፊት አልቆለታል።

እኔ ከሰዓት በኋላ በየመንገዱ ዳር የሚተኙትን ልጆች አያለሁ። ጠዋት እየሮጡ የገቡት ናቸው። አባት ስምንት ዓመት የሞላውን ልጅ በጀርባው አዝሎ፣ ላቡ እየተንጠባጠበ ወደ መውጫው ይሄዳል። እናት ልጇን እየጎተተች፣ «በቃ ሁለተኛ አላመጣህም» ትላለች። እሷም እንደ ልጁ ስለደከማት ነው እንደዚያ የምትለው።

ደግሞ ዓይን የማያየው ነገር አለ። አስም ያለበት ልጅ ይሮጣል። የልብ ችግር ያለበት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት፣ ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ያለበት ልጅም ጠዋት ሊሮጥ ይችላል። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ደግሞ የጋሪው ጥላ ራሱ መጠለያ ነው። ጩኸቱና ግፊያው ሲበዛበት ጥላውን እስከ አገጩ ስቦ ይደበቃል። የዲዝኒ ፓርኮች ይህን አውቀው እንደ ተሽከርካሪ ወንበር የሚቆጠር ጋሪ ላይ ምልክት ያስራሉ፤ ልጁ ከጋሪው ሳይወርድ ሰልፍ ውስጥ እንዲገባ ነው። የዚያች እናት ልጅ ከእነዚህ አንዱ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። ማወቅም የለብኝም። ማንም እናት ሕዝብ ፊት የልጇን ሕመም ዘርዝራ ጋሪ መለመን የለባትም።

ግን ሌላም ነገር ማለት እፈልጋለሁ። ለትልቅ ልጅ ጋሪ የሚከራከሩ ሰዎች ሁልጊዜ በሽታን ያነሳሉ። እኔም አሁን አነሳሁ። ጤነኛ ልጅስ? ጤነኛ ልጅ አይደክመውም? እኔ ድካም ብቻውን በቂ ምክንያት ነው ባይ ነኝ። በዲዝኒ ትኬት መሸጫ ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለው እንደ ልጅ ይከፍላል፣ 10 ከሞላው እንደ አዋቂ። የሰባት ዓመቱ ልጅ ትኬት ላይ ልጅ ነው። ጋሪ መስኮት ጋ ሲደርስ እንዴት ጎረምሳ ይሆናል?

ክርክራችን በዚህ ቢያበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ወሰን የሌለው ነገር የለም፣ ጋሪም ወሰን አለው። የእኛ አንድ ሰው የሚይዘው ጋሪ የሚችለው 23 ኪሎ ነው። ይህ ቁጥር አስቸጋሪ ቁጥር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት 23 ኪሎ ገደማ ነው። ጋሪው የሚያበቃው ልክ ልጁ በሚደክምበት ዕድሜ ላይ ነው ማለት ነው። ከውጭ ሲከራዩ ወይም ሲገዙ እስከ 34 ኪሎ የሚሸከሙ ይገኛሉ። ሰፋፊዎቹ ግን ሁሉም በር አያስገቧቸውም። ዲዝኒ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ አሜሪካ ባሉት ፓርኮቹ ከ79 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋና ከ132 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ጋሪ አያስገባም። ትልልቅ ልጆች የሚቀመጡባቸውን ባለ አራት ጎማ ተጎታቾችንም ከልክሏል።

ትልቅ ልጅ ትንሽ ጋሪ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን በቅርብ አይቻለሁ። መጀመሪያ እግሩ ከመርገጫው ያልፋል። የጫማው ጫፍ አስፋልቱን እየላሰ ይሄዳል። ከዚያ ልጁ እግሩን የፊት ጎማው ላይ ያሳርፋል። ጎማው ይቆለፋል፣ ጋሪው በድንገት ይዞራል፣ የሚገፋው ሰው ሆዱን በእጀታው ይመታል። ወላጆች ደግሞ ቦርሳቸውን ሁሉ እጀታው ላይ ያንጠለጥላሉ። ልጁ ድንገት ዘሎ ሲወርድ ጋሪው በቦርሳው ክብደት ወደ ኋላ ይወድቃል። በዚያች ቅጽበት ከኋላ ሌላ ሕፃን ቢቆም ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም። ለዚህ ነው ለሁሉም፣ ቦርሳችሁን ከሥር ያለው ቅርጫት ውስጥ አድርጉት የምለው።

ከዚያ ነገር ብዙም ሳይቆይ አንድ አባት መጣ። ልጁ 10 ወይም 11 ዓመት ይሆነዋል፣ ሰውነቱም ደልደል ያለ ነው። በዓይን ብቻ ጋሪው እንደማይችለው ይታያል። ግን ጠየቅሁ። «ወንድሜ፣ ክብደቱ ስንት ነው?» ነገረኝ። ከ40 በላይ ነው። «ይህ ጋሪ አይችለውም፣ ጎማው ይሰበራል፣ ልጁም ይጎዳል» አልኩት። «ተሽከርካሪ ወንበር ግን እናከራያለን፣ እሱ ይመቸዋል።»

አባትየው ፊቱ ተለወጠ። «ልጄ አካል ጉዳተኛ አይደለም» አለኝ። ወንበሩ ለማንም እንደሚከራይ፣ የሚጠየቅ ወረቀት እንደሌለ ነገርኩት። አልሰማኝም። ልጁ ግን ሰምቶኛል። ወንበሮቹ ወደተደረደሩበት እያየ ነበር። ሊቀመጥ የፈለገ መሰለኝ። አባቱ ሲዞር እሱም ተከተለው።

ባልደረባዬ ሁሉንም እያየ ነበር። «አየሽ?» አለኝ። «አንቺም ከለከልሽ።»

«እኔ የነገርኩት ስለ ጋሪው ነው። ልጁን ምንም አላልኩትም።»

«ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ሄዱ» አለኝ። «ለእነሱ አንድ ነው።»

አንድ አይደለም። አሁንም አንድ አይደለም እላለሁ። ኪሎ መጠየቅ ሌላ ነው፣ ሕፃን ልጅን እግርህ የት አለ ማለት ሌላ ነው። አንዱ ስለ ዕቃው ነው፣ ሌላው ሰውን ሰው ፊት ማዋረድ ነው። ይህን ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀና ጋሪ ሊያጥብ ሄደ። ሥራውን ለማያውቅ ሰው እንኳ ብናገረው ኖሮ ይገባው ነበር። እሱ ግን ጎማን በድምፁ የሚለይ ሰው ነው፣ ለዚህ ጆሮ ማጣቱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ነገሩን ለኃላፊያችን ነገርኩ። መስኮቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጋሪው ስንት ኪሎ እንደሚችል በትልልቅ ፊደል ተጻፈበት። ስለ ዕድሜ አንድም ቃል የለበትም። ይህ ብዙ ጠቅሟል። ወላጆች አንብበው ይመጣሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት ቀንሰዋል። ሠራተኛው ምን መናገር እንደሌለበት ግን የትም አልተጻፈም። ኃላፊያችን «እሱ በጽሑፍ አይሆንም» አለኝ።

እኔ በበኩሌ አሠራሬን አስተካክያለሁ። ኪሎውን የምጠይቀው ወላጁን ነው፣ ቀስ ብዬ። የሚበልጥ ከሆነ ወላጁን ወደ ጎን እጠራውና ስለ ወንበሩ እነግረዋለሁ፣ ልጁ ሳይሰማ። ልጁን የማናግረው ስለ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ የት እንደሚሄድ፣ ቁመቱ ለየትኛው መጫወቻ እንደደረሰ እጠይቀዋለሁ። 112 ሴንቲ ሜትር ሞልቶት ለፈጣኑ ሮለር ኮስተር የበቃ ልጅ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ወደዚያው ሲገፋ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ቁመቱ በቅቶታል፣ ጉልበቱን ደግሞ ለማታ ያስቀምጠዋል።

ሰልፉ አጭር ሲሆን ይህን ሁሉ ማድረግ ይቻላል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ግን ወላጅን ወደ ጎን ለመጥራት ጊዜ የለም። ባልደረባዬም የሚቀልደው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እሱ ከኋላ ሆኖ ጋሪ እንዲያቀርብ፣ እኔ መስኮቱ ላይ እንድሆን ጠይቄያለሁ። ፈረቃችን ሲገጥም እንደዚያ እንሠራለን። ሳይገጥም ሲቀር ማን ምን እንደተባለ አላውቅም።