ወይ ሁለት ደቂቃ፣ ወይ ከአርባ በላይ

ስኩዊድ፣ ኦክቶፐስና ካትልፊሽ የሚባሉትን ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳት ማብሰል ልማር ስነሳ የአገር ዝርዝር አልያዝኩም። የያዝኩት አንድ ጥያቄ ነው። ይህን ጠንካራ ሥጋ የሚበሉት ሰዎች በምን ዘዴ ነው የሚያለሰልሱት? መልሱን ስከተል ካርታው ራሱ ተከፈለልኝ። ቶሎ ከእሳት የሚያወርዱ አሉ፤ እሳት ላይ የሚያቆዩ አሉ፤ ጭራሽ እሳት የማያስነኩም አሉ።

መጀመሪያ ሦስቱን መለየት ነው። ስኩዊድ ውስጡ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ዘንግ አለው። ካትልፊሽ ሰፋ ያለ ነጭ አጥንት መሰል ነገር አለው፤ ሥጋው ወፍራም ነው። ኦክቶፐስ ከእነዚህ አንዱም የለውም። የሦስቱም የጡንቻ ክሮች እርስ በርስ ተጠላልፈው ኮላጅን በሚባል ፕሮቲን ታስረዋል። ሙቀት ሲነካው ኮላጅኑ ይኮማተራል፤ ውሃውን ይጨምቃል፤ ሥጋው ላስቲክ ይሆናል። ብዙ ሲቆይ ግን ያው ኮላጅን ቀልጦ ጄላቲን የሚባል ለስላሳ፣ ዝልግልግ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ለስኩዊድ ወይ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ወይ ከአርባ ደቂቃ በላይ። መሃል ላይ ያለው ጊዜ ለማንም አይጠቅምም።

በጥሬው መብላት የጃፓኖች ሙያ ነው። በሰሜን ባለችው ሃኮዳቴ ስኩዊድ በቀጭን በቀጭኑ ተከትፎ በኑድል መልክ ይቀርባል። ምስጢሩ ቢላው ላይ ነው፤ የጥርስን ሥራ አስቀድሞ ይሠራል። ቻይናዎች ደግሞ የሥጋውን የውስጥ ገጽ በሰያፍ፣ መረብ አስመስለው ይጭሩታል። በጋለ ዘይት ሲገላበጥ ይጠቀለላል፤ መረቁንም ይይዛል። እኔ ከሁሉ ይልቅ የተጠቀምኩት ይህን ጭረት ነው። አሁን ወፍራም ካትልፊሽ ሳይጫር መጥበሻዬን አያይም።

ኮሪያዎች ሳናክጂ የሚሉት፣ ተቆራርጦም ሳህን ላይ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ኦክቶፐስ አላቸው። አብዛኛው የኦክቶፐስ ነርቭ ያለው ክንዶቹ ውስጥ ስለሆነ ክንዱ ተቆርጦም ቶሎ አይረጋም። ክንዱ ላይ ያለው መምጠጫ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሰው ታንቆ ያውቃል። «በደንብ አላምጡ» የሚሉት የምራቸውን ነው። ይቺን አልሞከርኩም፤ ልሞክራትም አላስብም።

ኦክቶፐስን በትዕግሥት ያስተማረችኝ ግን በሰሜን ምዕራብ ስፔን ያለችው ጋሊሲያ ናት። የሚገርመው፣ በየዓመቱ ነሐሴ ወር ውስጥ ታላቁ የኦክቶፐስ በዓል የሚከበርባት ካርባዪኞ ከባሕር የራቀች ከተማ ናት። ድሮ ኦክቶፐሱ ደርቆ ነበር ወደ መሃል አገር የሚጓዘው። እዚያ በትልልቅ የመዳብ ድስት ይቀቀላል፤ በመቀስ ይቆራረጣል፤ በእንጨት ሳህን ላይ በወይራ ዘይት፣ በፓፕሪካና በጨው ይቀርባል። ከዚህ ውጪ ምንም የለም። ድስቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሦስት ጊዜ የፈላ ውሃ ውስጥ ነከር ነከር አድርገው ያወጡታል፤ «ማስደንገጥ» ይሉታል። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። ክንዶቹ አምረው ይጠቀለላሉ፤ ማለስለሱን ግን የሚሠራው ጊዜው ነው።

የሚያለሰልስ ሌላ ነገር ካለ ማቀዝቀዣ ነው። በረዶው የጡንቻውን ክሮች ይበጣጥሳል። የግሪክ ዓሣ አጥማጆች ኦክቶፐሱን ድንጋይ ላይ የሚወቅሩት ለዚሁ ነው። በዛንዚባርም በውሃ ሽሽት ጊዜ ሴቶች ከኮራሉ ላይ ኦክቶፐስ ይለቅማሉ፤ ይቀጠቅጡታል፤ በኮኮናት ወተትም ይሠሩታል። እኔ ድንጋይ ፍለጋ አልወጣም። የቀዘቀዘውን እገዛለሁ፤ በዚህ ጉዳይ ከትኩሱ የተሻለ ነው። ሲበስል ግማሽ ያህል ክብደቱን እንደሚያጣ አስባችሁ ግዙ። መብሰሉን ለማወቅ ክንዱ ከጭንቅላቱ በሚገናኝበት ቦታ ቀጭን እንጨት ስኩበት። ሳይታገል ከገባ እሳቱን አጥፉና ውሃው ውስጥ ትንሽ ይረፍ።

ማን ይበላል የሚለውን ከጣዕም ይልቅ ሃይማኖት የወሰነበት ቦታ ብዙ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ እንስሳ ስለሚከለክል ሦስቱም ለአይሁድ አይፈቀዱም። የግሪክ ኦርቶዶክሶች ግን ደም የለውም ብለው በዐቢይ ጾም ጭምር ይበሉታል፤ ዓሣ ራሱ በማይበላበት ቀን ማለት ነው። ባዮሎጂው እንኳ አይስማማም። ደምማ አለው፤ በመዳብ የተነሳ ሰማያዊ ነው። የሰሜን ፖርቱጋል ሰዎች ደግሞ ኦክቶፐስን የገና ዋዜማ ማዕዳቸው ላይ ያወጡታል። በአሜሪካ ስኩዊድ ለብዙ ጊዜ የዓሣ ማጥመጃ ምግብ ነበር። «ካላማሪ» በሚል የጣሊያን ስም ተጠብሶ ሬስቶራንት ከገባ በኋላ ግን ዕድሉ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2014 ሮድ አይላንድ የግዛቷ ይፋዊ የምግብ መክፈቻ አድርጋዋለች።

አሁን ደግሞ ካርታው በአቅርቦት እየተቀየረ ነው። ጃፓን የራሷ ስኩዊድ ምርት እጅግ አሽቆልቁሎባታል። ታኮያኪ በሚባሉት የኦሳካ የሊጥ ኳሶች ውስጥ ያለው ኦክቶፐስም ብዙ ጊዜ ከሞሪታኒያ ወይም ከሞሮኮ የመጣ ነው። እነዚህ እንስሳት አብዛኞቹ አንድ ሁለት ዓመት ብቻ ኖረው፣ ተራብተው ይሞታሉ። አንድ ክፉ ዓመት ገበያውን ያናጋል። አንድ ደግ ዓመትም ያነሳዋል። በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የአሳ አጥማጅ መንደሮች የተወሰነ ቦታ ለወራት እየዘጉ ኦክቶፐሱ እንዲያድግ ይጠብቃሉ። በእርባታ የማምረት ሐሳብም አለ፤ የአሜሪካዎቹ ዋሽንግተንና ካሊፎርኒያ ግዛቶች ግን እ.ኤ.አ. በ2024 በሕግ ከልክለውታል። ብቻውን የሚኖር፣ ይህን ያህል ብልህ እንስሳ ጋን ውስጥ ማጎር እኔንም አይመቸኝም።

ስትቀቅሉት ውሃው ላይ ጨው አትጨምሩ፤ ኦክቶፐሱ ራሱ በቂ ጨው ይለቃል። ውሃውንም አትድፉት። ፖርቱጋሎች ሩዝ ያበስሉበታል። ቅመሱት፤ ጨው ከበዛበት በንጹሕ ውሃ አቅጥኑትና ሩዙን ጨምሩ።