ጀርባውን ለውሃ የሰጠ መንደር

በሐምሌ ደሴ ላይ ሲነጋ አይታይም። ሰዓቱ አንድ ተኩል ይላል፤ መስኮቱ ግን ነጭ ነው። ጦሳ ተራራ የለም። የጎረቤት ቆርቆሮ የለም። ከአክስቴ በር እስከ አስፋልቱ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ አስፋልቱ እዚያው መኖሩን የማውቀው በባጃጅ ጡሩምባ ብቻ ነው። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተራራ ተደግፎ ስለተቀመጠ፣ ደመናው በላያችን ሳይሆን በመሃላችን ነው የሚያልፈው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት እስክደርስ ፀጉሬ ካፊያ የመታው ይመስል ነበር። አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ ይሄን ሁሉ ረስቼ ዘንድሮ ያለ ጃኬት መጣሁ። አክስቴ ምንም ሳትል ጋቢ ጣለችብኝ።

"ሐይቅ ነው የምትሄጂው?" አለችኝ ጀበናውን እየጣደች።

"አዎ።"

"ሂጂ። ግን ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ከውሃው ዳር ዞር በይ።"

"ለምን?"

"ስትደርሺ ታይዋለሽ። ይልቅ አሳ ይዘሽልኝ ነይ። ፍልሰታ ሊገባ ሦስት ቀን ነው የቀረው።" ጃንጥላዋንም ሰጠችኝ። እጀታው የእንጨት፣ የድሮ፣ ከባድ ጃንጥላ። "አደራ" አለች፣ የምትለው ስለኔ ይሁን ስለ ጃንጥላው ሳይገባኝ።

ለደሴ ሰው ሐይቅ ሁለት ነው። ከተማውም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ። ግዕዝ የሚያውቁ ደግሞ ሦስተኛ ይጨምሩበታል። በግዕዝ ሐይቅ ማለት ውሃው ሳይሆን ዳሩ ነው፤ "ሐይቀ ባሕር" ሲባል አሸዋው የሚተኛበት የባሕር ዳርቻ ነው። ውሃውንማ በልጅነቴ አይቼዋለሁ። በትምህርት ቤት ጉዞ ሄደን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ለስላሳ ጠጥተን ተመለስን። ዳሩ ላይ የሚኖረው ሰው ቀኑን እንዴት እንደሚያውለው ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። አሁን የሄድኩት ለሦስተኛው ሐይቅ ነው።

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ "ሐይቅ አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!" ይላል። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ ብዬ ገባሁ። ከኔ በኋላ አራት "አንድ ሰው" ገባ። ጉልበቴን የሰው ቅርጫት ላይ አድርጌ ተነሳን።

መንገዱ ወደ ወልዲያ የሚያልፈው ዋናው አስፋልት ነው፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጢጣን ካለፍን በኋላ አንድ ቦታ ላይ ጉሙ መጋረጃ እንደተገለጠ ሁሉ አለቀ። አረንጓዴ መጣ። ቁልቁል፣ ደግሞ ቁልቁል። ጆሮዬ ተደፍኖ ተከፈተ። አጠገቤ ያሉት እናት ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ እኔም ጋቢዬን አጥፌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከደጋ ወይና ደጋ መግባት ደስ ይላል። ብርዱን እላይ ትተን የወረድን መሰለኝ።

ከተማው ላይ ወርጄ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ ዳሩ ሄድኩ።

የጠበቅኩት የአሳ አጥማጆች መንደር ነበር። መረብ የተሰቀለበት ግቢ፣ በር ላይ የቆመ ጀልባ፣ እንደዚያ ያለ ነገር። ያገኘሁት ገበሬ ነው። ማሽላው ወገብ ደርሷል። ጤፍ ሊዘራ መሬቱ ለስልሶ ጭቃ ሆኗል። ቤቶቹን ሳይ ደግሞ ግራ ገባኝ። ያን የመሰለ ውሃ ከኋላቸው ተዘርግቶ፣ የአብዛኞቹ በር ወደ መንገዱና ወደ ተራራው ነው የሚከፈተው። ወደ ውሃው በኩል መስኮት እንኳ የለም። አዲስ አበባ ቢሆን ይሄ እይታ ብቻውን ስንት ብር እንደሚያወጣ አሰብኩ። የከተማ ሰው ሐሳብ ነው፣ ይቅር በሉኝ።

አሳ አጥማጆቹንም አላጣኋቸውም። ሁለት ወጣቶች ዳር ላይ ቁጭ ብለው ከመረብ አሳ እየነቀሉ ነበር። መረቡ ማታ ይጣላል፣ ጎህ ሲቀድ ይወጣል፤ ከዚያ ረፋዱን መንቀል ነው። ቆሮሶ የሚሉት ይሄ አሳ የጀርባ ክንፉ እሾህ አለው። ልጁ አሳውን በግራ እጁ ከራሱ ወደ ጅራቱ ደባብሶ እሾሁን ያስተኛዋል። በቀኝ እጁ ጫፉ በታጠፈ ምስማር ክሩን ከጉንጩ ስር ፈልቅቆ ያወጣል። ሁለት ሦስት ጊዜ ነቅነቅ፣ አለቀ። አሳው ባልዲ ውስጥ ነው። ቀላል መስሎኝ "እስቲ እኔ ልሞክር" አልኩና በጅራቱ በኩል ያዝኩት። እሾሁ ቆመ። አውራ ጣቴ ደማ።

"አብሽሪ" አለኝ ልጁ እየሳቀ፣ መዳፉን ዘርግቶ። መዳፉ በጥቃቅን ጠባሳ ተሞልቷል።

ይሄ ቆሮሶ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተለቀቀ ነው። የወጣቶቹ አያት ልጅ ሆነው ያልነበረ አሳ ማለት ነው። ውሃው ራሱም ለብቻው ያለ ነገር ነው። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከአርዲቦ፣ ማለትም ከላይ ካለው ታናሽ ሐይቅ፣ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለም። እታች ያለው ውሃ አየር አያገኝም። አንዳንዴ ኃይለኛ ነፋስና ብርድ ተባብረው ሲያተራምሱት የታችኛው ወደ ላይ ይመጣና አሳው ታፍኖ በጅምላ ይሞታል።

"ያን ቀን መረብ አያስፈልግም" አለኝ ትልቁ ልጅ። "ዳሩ ነጭ ይሆናል። ግን ማን ይገዛሃል? ሽታው ብቻ ሳምንት ያስለቅሳል።"

ስለ ፍልሰታ ጠየቅኩት። ገበያ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል?

"አሳ ለጾም ይበላል የሚልም አለ፣ አይበላም የሚልም አለ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። የመጣልኝን እሸጣለሁ።"

ሦስት አሳ ገዛሁት። በፌስታል አሰረልኝ።

ትንሽ ወጣ ብሎ አንድ አዛውንት ከብት ያዞራሉ። አምስት በሬና ላም ለስልሶ የታረሰው ጭቃ ላይ ይሽከረከራሉ፣ አንድ ልጅ ከኋላ "ሃ! ሃ!" ይላል። ጤፍ ከመዘራቱ በፊት መሬቱ እንዲህ ይረገጣል። ሰላምታ ልሰጣቸው ጠጋ ስል አንድ እግሬ ሰመጠ። እግሬ ወጣ፣ ጫማዬ ቀረ። አዛውንቱ ሳይቸኩሉ መጥተው በዱላቸው ፈልፍለው አወጡልኝ።

"ጤፍ የላላ መሬት አይወድም፣ ልጄ" አሉኝ። "ላልቶ ከተዘራ ውሃውም ይሸሸዋል፣ አረሙም ይቀድመዋል። አንቺንም አይወድም መሰለኝ።"

"አባባ፣ ቤታችሁ ለምንድን ነው ጀርባውን ለውሃው የሰጠው?"

ወደ ሰማይ አዩ። "ትንሽ ቆይተሽ እንደገና ጠይቂኝ።"

እስከዚያው ስለ ሐይቁ አወጉኝ። ድሮ ውሃ አልነበረም፣ ሰው የሚኖርበት አገር ነበር። አንዲት ልዕልት በአንዲት እርጉዝ ሴት ላይ ግፍ ሠራች። ፈጣሪ ተቆጣና ልዕልቲቱን ከነዘመድ ወዳጇ በውሃ ዋጣቸው። እርጉዟ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደሴት ሆኖ ተረፈ። አዛውንቱ በዱላቸው ወደ ማዶ ጠቆሙ። ዛፍ የለበሰው መሬት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት። ሴት አይገባበትም። ግፍ የተፈጸመባት ሴት የተቀመጠችበት ቦታ ሴት የማይገባበት መሆኑ ትንሽ ገረመኝ፤ ለአዛውንቱ ግን አላነሳሁባቸውም። ታሪኩን የሚነግሩኝ ሙስሊም ናቸው፣ የሚጠቁሙት ገዳም ነው፣ ወሎ ነው።

"አሁን ደሴት አይደለም" አሉኝ። "ውሃው ሸሽቶ ከየብስ ጋር ገጥሟል። ይሄ ውሃ እንዲህ ነው። ሲሸሽ መሬት ይሰጥሃል፣ ሲመለስ ይቀማሃል። ማሳህን አምነህ እስከ ዳሩ አትዘልቅም።"

ሰዓቴን አላየሁም። ማየት ነበረብኝ። ዳር ላይ እንጨት ጫፍ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚያደርቅ አንድ ጥቁር ወፍ ነበር፤ እሱን ፎቶ ላነሳ ተጠጋሁ። ወፉ በድንገት ክንፉን ሰብስቦ ሄደ። ቀና ስል ውሃው ቀለም ቀይሯል። ጠዋት ሰማያዊ የነበረው እንደ እርሳስ ጠቁሯል፣ ከማዶ ነጭ መስመር እየሮጠ ይመጣል። ቀን መሬቱ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል፤ ሙቁ አየር ሲነሳ ቀዝቃዛው ከውሃው በኩል ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። ይሄን ትምህርት ቤት ተምሬ ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። ፊቴ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። ዝናብም ጨመረበት።

ጃንጥላውን ዘረጋሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የዘረጋሁት። ወደ ላይ ተገልብጦ እንደ ጽዋ ሆነ፣ ከዚያ ጨርቁ ከሽቦው ተላቆ በረረ። እጀታው እጄ ላይ ቀረ። አዛውንቱ ከሩቅ "ነይ! ግቢ!" ይላሉ።

ቤት ስገባ ባለቤታቸው በሩን እንኳ አልዘጉትም። ከኋላ ያለው የጭቃ ግድግዳ ነፋሱን እየተቀበለ ይጓጉራል፤ ምሰሶው ትንሽ ይንቀጠቀጣል። በበሩ በኩል ግን ጸጥ ያለ ነው። ዝናቡ ቤቱን ተሻግሮ ወደ ፊት ይወድቃል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ምድጃው ውስጥ ያለው እሳት ቀጥ ብሎ ይነዳል። ቡና እየተቆላ ነው፣ ጭሱ በበሩ በኩል ተረጋግቶ ይወጣል።

"አሁን ጠይቂኝ" አሉ አዛውንቱ፣ ልብሳቸውን እየጨመቁ።

አልጠየቅኳቸውም።

"ሴትዮዋ ደክሟታል፣ ተዋት" አሉ ባለቤታቸው። "ጫማሽን አውልቂው፣ እቴ። እዚህ እሳቱ አጠገብ አድርጊው።" ለቡና ቁርስ የገብስ ቆሎ ሰጡኝ። አዛውንቱ አጭር ዱዓ አደረጉ፤ ለዝናቡ፣ ለጤፉ፣ ለመንገደኛዋ። አቦሉን ጠጣን። ቶናው ሲደርስ ነፋሱ በረደ። እኔ ግን እስከ በረካው ተቀመጥኩ፤ ጫማዬ ገና አልደረቀም ነበር፣ ደግሞም ለመሄድ አልቸኮልኩም።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የኔን ፌስታል ያልሸተተው ሰው አልነበረም። ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ "እህት፣ እሱን እግርሽ ስር አድርጊልን" አለኝ። አደረግኩት። ዳገቱ ጀመረ። ጆሮዬ እንደገና ተደፈነ። ጢጣ ላይ ጉሙ ጠብቆን ነበር፣ የጠዋቱ ይሁን አዲስ አላወቅኩም። ጋቢዬን ዘርግቼ ለበስኩ።

አክስቴ ፌስታሉን ተቀብላ አሳዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች መዘነቻቸው። በቢላ ጀርባ ከጅራቱ ወደ ራሱ ቅርፊቱን መፋቅ ጀመረች፤ ቅርፊቱ ክንዷ ላይ እየተለጠፈ ያብለጨልጫል። ጎረቤታችን ለቡና መጥተው አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

"ይሄ ለፍልሰታ ይበላ ይሆን?" ብዬ ነገር ፈለግኩ።

"ዛሬ ይበላል" አለች አክስቴ። ቅርፊቱን እየፋቀች ቀና ሳትል ጨመረች፦ "ጃንጥላዬስ?"

እጀታውን ከቦርሳዬ አወጣሁላት።

"ስንት ሰዓት ነበር?"

"ሰባት ተኩል አካባቢ።"

ጎረቤታችን አፋቸውን በሻሽ ጫፍ ሸፍነው ሳቁ። አክስቴ እጀታውን ተቀብላ ገልበጥ አድርጋ አየችውና በሩ ጥግ አቆመችው።