የወደቀችው ሐረግ

ስለ አየርላንድ ታሪክ አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ነበር። ጉዳዩ የሊመሪክ ውል ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1691 በአየርላንድ የነበረውን ጦርነት ለማብቃት ሊመሪክ ከተማ ላይ የተፈረመ ውል። የፕሮቴስታንቱ የእንግሊዝ ንጉሥ የዊልያም ጦር አዛዥ ጊንክል በአንድ ወገን፣ የካቶሊኮቹ መሪ ፓትሪክ ሳርስፊልድ በሌላው።

አንቀጽ 2 ርስታቸው የማይነካባቸውን ሰዎች ይዘረዝራል። ነዋሪዎች፣ መኮንኖች፣ ወታደሮች። ከዚያ «በእነዚሁ አውራጃዎች በእነሱ ጥበቃ ሥር ያሉ ሁሉ» ይላል። ትርፍ መሰለችኝ። ዓረፍተ ነገሩ ረዝሞብኝ ስለነበር ቆረጥኳት። ቀለል ሲልልኝ ደስ አለኝ።

በማግስቱ እርማት የሚሠሩት አንጋፋ ባልደረባችን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የገጠሩ ባለርስት የት ሄደ?»

«የቱ ባለርስት፣ ጋሼ?»

ሐረጓን በእርሳስ አሰመሩባት። «መሣሪያ ያልያዘው። ከተማው ውስጥ ያልነበረው። እሱን የያዘችው ይቺ ናት። ደግሞ ገጹን ገልብጪው።»

ገለበጥኩት። ደነገጥኩ። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ሳላነብ ነበር መተርጎም የጀመርኩት።

ለካ ያኔም የወደቀችው ይህችው ሐረግ ናት። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተውባት ሳለ፣ ረቂቁ በንጹህ ሲገለበጥ ቀረች። የተፈረመውም ያለ እሷ ነው። ንጉሡ በፌብሩዋሪ 1692 ውሉን ሲያጸድቅ በጸሐፊ ስህተት እንደቀረች ገልጾ መለሳት። የአየርላንድ ፓርላማ ግን በ1697 ውሉን ሲያጸድቅ እንደገና አወጣት። በቀድሞው ንጉሥ በቻርልስ 2ኛ ዘመን የነበራቸውን ያህል የአምልኮ ነፃነት ለካቶሊኮች ቃል የገባውን አንቀጽ 1ንም ተወው።

የመጀመሪያው የጸሐፊ ስህተት ነበር። ሁለተኛው ግን እያወቁ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ካቶሊኮቹ ውሉን አምነው መሣሪያ አስቀምጠዋል። ሳርስፊልድና በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች በዚያው ስምምነት ወደ ፈረንሳይ ሄደዋል። የቀሩትን የሚከላከል ሠራዊት አልነበረም። በዚያው በ1697 የካቶሊክ ጳጳሳት ከአገር እንዲወጡ ታዘዘ። በ1704 ደግሞ የካቶሊክ አባት ርስት ለወንዶች ልጆቹ እኩል ተቆራርሶ እንዲወረስ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። የበኩር ልጁ ወደ መንግሥት (ፕሮቴስታንት) ቤተክርስቲያን ከገባ ግን ርስቱ ለእሱ ብቻ ይሆናል። ካቶሊኮች ፓርላማ መግባት የተፈቀደላቸው በ1829 ነው።

ያን ቀን ሌላ ሥራ አልነካሁም። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ፣ ዋናውን በግራ፣ የእኔን በቀኝ ዘርግቼ፣ ቃል በቃል አመሳከርኩ። ሌላም አንዲት «ሁሉ» ጥያለሁ። መለስኳት።